ቶሜን ጥሩልኝ

ስምን መልአክ ያወጣዋል የሚል ሰው ሃሩኮ ፊት ባይናገረው ይሻለዋል። ሰማንያ አንድ ዓመቷ ነው፤ ጥርሷ ቢጎድልም ምላሷ ሙሉ ነው። በመዝገብ ላይ ስሟ ሃሩኮ አይደለም፤ ቶሜ ነው። ቶሜ ማለት ማቆሚያ ማለት ነው፤ በቃ፣ ሴት መውለድ እዚህ ላይ ይቁም። አራት ሴቶች ተከታትለው ተወልደው፣ አባትየው ወንድ ሲጠብቅ አምስተኛዋም ሴት ስትሆን የሚወጣ ስም ነው። እንዲህ ያለውን ስም የሚያወጣ መልአክ ካለ ሃሩኮ ሁለት ቃል ልታናግረው ትፈልጋለች።

እሷ ብቻ ብትሆን ባልከፋ። በልጅነቷ ከሐይቁ በላይ ካሉት መንደሮች ቶሜ የሌለችበት አንድም አልነበረም። ወንዝ ዳር ጎመን የሚያጥቡ ሴቶች መሐል "ቶሜ!" ብሎ የተጣራ ሰው ሦስት ራስ ቀና ሲል ያያል። ትምህርት ቤት በአንድ ክፍል ሦስት ነበሩ፤ መምህሩ ላይኛዋ ቶሜ፣ ታችኛዋ ቶሜ፣ የወፍጮ ቤቷ ቶሜ እያለ ይለያቸው ነበር። እሷ ታችኛዋ ነበረች። ዝናብ ሲበረታ ልጆቹ ወደሷ ዞረው "አቁሚልን እንጂ፣ ሥራሽ አይደል?" እያሉ ይስቁባታል።

እሷ በተወለደች በሁለት ዓመቷ ወንድ ልጅ ተወልዶ ነበር። መንደሩ ሁሉ "ቶሜ ሠራች!" አለ፤ ስሟ እንደ ፍቱን መድኃኒት ተወራለት። ያ ሲጠበቅ የኖረ ልጅ በሃያ ዓመቱ ጦርነት ሄዶ በነጭ ጨርቅ በተጠቀለለች ትንሽ ሣጥን ተመለሰ። ሣጥኗን ከባቡር ጣቢያ እስከ ቤት ደረቷ ላይ አቅፋ ያመጣችው ቶሜ ነበረች። አባቷ በር ላይ ሣጥኗን ተቀበላት፤ ያመጣችለትን ግን ቀና ብሎም አላያት። ይህን አልረሳችም፤ ልርሳው ብላም አታውቅም።

በአሥራ አራት ዓመቷ ሐር ፋብሪካ ገብታ ነበር። የመጀመሪያው ቀን ማታ፣ ማደሪያው ውስጥ ከጎኗ ያለችው ልጅ "ስምሽ ማነው?" ስትላት "ሃሩኮ" አለች። አላሰበችበትም፤ ካፏ ወጣ። ሃሩ ጸደይ ነው። በ"ኮ" የሚያልቅ ስም ደግሞ ያኔ የዘመናይ ልጅ ስም ነበር፤ የመምህር ልጅ፣ የባለሱቅ ልጅ እንዲያ ይባላሉ። የሠራተኞቹ አለቃም ደስ አላት፤ ከፈላ ውሃ ክር በሚመዝዙት ልጆች ረድፍ ላይ ሁለት ቶሜዎች ስለነበሯት ሦስተኛ አልፈለገችም። ከዚያ ቀን ጀምሮ ለሰው ሁሉ ሃሩኮ ሆነች። ገንዞም ያገባት ሃሩኮ ብሎ ነው። እውነቱን ያየው የጋብቻው ወረቀት ላይ ማኅተም ሲያሳርፉ ነበር፤ አየት አደረገና ዝም አለ። ከዚያ በኋላ በአምሳ ስድስት ዓመት ትዳር ውስጥ ቶሜም ሃሩኮም ብሎ ጠርቷት አያውቅም። "አንቺ!" ይላታል፤ እሷም በዚህ ስም ተስማምታ ኖረች።

ገንዞ ባለፈው ኅዳር ሞተ። ነገር የመጣውም ያኔ ነው። የመቃብሩ ድንጋይ ላይ ከባሏ ጎን የሷም ስም ይቀረጻል፤ በሕይወት እስካለች ቀይ ቀለም ይቀባል፣ ስትሞት ቀዩ ይፋቃል። ድንጋይ ጠራቢው አቶ ኡሺያማ ረቂቁን ይዞ መጣና ወለሉ ላይ ዘረጋላት። ሃሩኮ መነጽሯን አድርጋ አየችው።

"ይቺ ማናት?" አለች።

"እርስዎ ነዎት፣ እማማ። መዝገቡ ቶሜ ነው የሚለው።"

"ቶሜ የሚባል ሰው እዚህ ቤት የለም።"

"እኔ የያዝኩት መዶሻ ነው እማማ፣ ዳኛ አይደለሁም። ካልወደዱት ፍርድ ቤት ሄደው ያስቀይሩ። እስከ ሙት ዓመታቸው እጠብቅዎታለሁ።"

ልጇ ሚፁዎ ይህን ሲሰማ ራሱን ያዘ። "እማዬ፣ በሰማንያ አንድ ዓመትሽ ስም ልትቀይሪ?"

"ታዲያ መቼ ልቀይረው? ከሞትኩ በኋላ?"

"ማን ያየዋል ብለሽ ነው?"

"ከመቃብር በላይ የሚውለው ስም ነው፣ ልጄ። እኔ ደግሞ 'ይብቃ' የሚል ቃል ተጭኖኝ አልተኛም። አባትህ ጎንማ ፈጽሞ።"

ሚፁዎ እናቱን ያውቃታል፤ ውሃ ቢወቅጡት መልሶ ውሃ እንደሚሆን ስለሚያውቅ መኪናውን አስነሣ። ፍርድ ቤቱ በሃሩኮነት መኖሯን የሚያሳይ ማስረጃ ጠየቀ። በየዓመቱ ለአዲስ ዓመት የሚላኩት ካርዶች አልተጣሉም ነበር፤ ገንዞ በብስኩት ጣሳ ውስጥ በየዓመተ ምሕረታቸው አስሮ አስቀምጧቸዋል። አርባ አንድ ጥቅል ነበር። በሁሉም ላይ ሃሩኮ ተብሎ ተጽፏል። ሃሩኮ አንድ በአንድ እያየች፣ ግማሾቹ ላኪዎች መሞታቸውን ለልጇ እየነገረችው፣ ሦስት ቀን ወለሉ ላይ ተቀምጣ ለየቻቸው።

ጉዳዩን የያዘችው ባለመነጽር ወጣት ጸሐፊ ካርዶቹን አገላብጣ አየች።

"ስሙን ያወጡልዎት ማን ናቸው?"

"አባቴ።"

"እንዴት አወቁ? ነግረውዎታል?"

"ልጅ በቃኝ የሚል ሌላ ማን አለ? ጎረቤት ነው?"

ጸሐፊዋ አንገቷን ደፍታ ጻፈች። "ይህን የሚያውቅ ታላቅ ዘመድ ይኖር ይሆን?"

"አንዲት እህት አለችኝ። የአረጋውያን መጦሪያ ናት፤ አእምሮዋ ከድቷታል።" ከዚያ ሳትጠየቅ ጨመረች። "ልጄ፣ ሰማንያ አንድ ዓመት 'ይብቃ' ተብዬ ተመዝግቤ ኖሬያለሁ። በቃኝ።"

ጸሐፊዋ ሳቋን በወረቀት ሸፈነችው። የፈቃዱ ደብዳቤ በጥቅምት መጀመሪያ መጣ። የቀረው ወደ ከተማው አስተዳደር ወስዶ መዝገቡን ማስለወጥ ብቻ ነበር። ሃሩኮ ደብዳቤውን አንድ ቀን ሙሉ በገንዞ ፎቶ ፊት አስቀመጠችው፤ ሰኞ ጠዋት ግራጫ ኪሞኖዋን ለብሳ፣ ደብዳቤውን ቦርሳዋ ውስጥ ከትታ፣ ሚፁዎ መኪናውን እስኪያሞቅ በር ላይ ቁጭ አለች። ስልኩ ጮኸ።

"እማማ ሃሩኮ ነዎት? ከመጦሪያው ነው የምደውለው፤ ሜጉሚ እባላለሁ፣ ትንሿ ሜጉሚ። እዚህ ሦስት ሜጉሚዎች አለን። እህትዎ እማማ ኪዋ እህል ካፋቸው ከገባ ሦስት ቀን ሆነ።"

"ታማ ነው?"

"ሐኪሙ የተለየ ነገር አላገኘም። ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ ቶሜ የሚባሉ ሰው ያውቃሉ? ዘጠኝ ቀናቸው፣ 'ቶሜን ጥሩልኝ' እያሉ ይማጸናሉ። በዘመድ ዝርዝራችን ላይ ፈለግን፣ የለችም። ልጃቸውን ጠየቅን፣ ሰምቼው አላውቅም አለ። እኛ የሞተች ልጃቸው መስላን ነበር። ወጥ ቤቷ ደግሞ ድመት ናት ትላለች።"

ሃሩኮ ስልኩን ዘጋች። የዘመድ ዝርዝሩን የሞላችው ራሷ ናት፤ "ታናሽ እህት፣ ሃሩኮ" ብላ በሚያምር እጅ ጽፋለች። ኪዋን ለመጨረሻ ጊዜ ካየቻት ወር አልፏት ነበር፤ ፍርድ ቤቱና ካርዶቹ ጊዜዋን በልተውት ነው። ዘጠኝ ቀን ሙሉ ስትጠራ ኖራለች ማለት ነው፤ የምትጠራውም ሰው ድመት ናት ተብሏል።

ኪዋ የመጀመሪያዋ፣ ቶሜ የመጨረሻዋ ሴት ናት፤ በመካከላቸው አሥር ዓመት አለ። ቶሜን በጀርባዋ አዝላ ያሳደገቻት ኪዋ ናት። ከሐር ፋብሪካው በኋላም፣ ሁሉ ሃሩኮ ሲላት፣ ኪዋ ብቻ ቶሜ ትላት ነበር። የወንድማቸው ተዝካር ላይ እንግዳ በተሰበሰበበት እንደ ልማዷ "ቶሜዬ" ብላ ስትጠራት ታናሽዋ በብስጭት "ዳግመኛ በዚህ ስም ብትጠሪኝ እህትሽ አይደለሁም" አለቻት። ያኔ ሃያ አራት ዓመቷ ነበር። ኪዋ ከዚያ በኋላ አንድም ቀን አልጠራቻትም። "ልጅት" ትላለች፣ ወይ ክንዷን ነካ ታደርጋለች። አእምሮዋ እስኪከዳት ድረስ ቃሏን ጠበቀች።

"አስተዳደሩ ይቆይ፣ መጦሪያው ውሰደኝ" አለችው ሚፁዎን።

ኪዋ ጀርባዋን ተደግፋ በመስኮቱ በኩል ሐይቁን ታያለች። ዘጠና አንድ ዓመት ሰውን እንዲህ ያሳንሰዋል፤ ብርድ ልብሱ ሥር ሕፃን የተኛ ነበር የሚመስለው። ጠረጴዛው ላይ የሩዝ ገንፎ ቀዝቅዟል። ትንሿ ሜጉሚ ወንበር አቀረበች።

"እማማ ኪዋ፣ እንግዳ መጥቶልዎታል።"

ኪዋ ዞር ብላ አየቻት። "አንቺ ማነሽ?"

"ሃሩኮ ነኝ" አለች። ስልሳ ሰባት ዓመት ስትለው የኖረችው ነውና ምላሷ ቀደማት።

"ሃሩኮ የሚባል ሰው አላውቅም። ቶሜን ጥሩልኝ።"

"እኔ ነኝ እትዬ። እኔ ነኝ ቶሜ።"

ኪዋ ከእግር እስከ ራሷ አየቻት፤ ፊቷ ላይ ንቀት የመሰለ ነገር መጣ። "አንቺማ አሮጊት ነሽ።"

ሜጉሚ ሳቋን መያዝ አልቻለችም፤ ሃሩኮም ባታለቅስ ኖሮ ትስቅ ነበር። ኪዋ ግን የአሮጊቷ እንባ አሳዘናት መሰለኝ፣ እጇን ያዘቻት፤ ሴት ለሴት እንደሚባለው ወደ ጆሮዋ ጠጋ አለች።

"ለአንቺ ልንገርሽ። ለሷ ግን እንዳትነግሪብኝ።"

"አልነግርም።"

"ቶሜ ስትወለድ ሰባተኛ ቀኗ ያለ ስም አለፈ። ቀይ ሩዝ አልተቀቀለላትም፤ ስሟ ተጽፎ ግድግዳ ላይ አልተለጠፈም። እናቴ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኛች። በአሥራ አራተኛው ቀን አባቴ ከቆጡ ጠራኝ። የሐር ትሎቹ ክራቸውን ሊጠቀልሉ ደርሰዋል፣ ቅጠል ሲበሉ ዝናብ የሚዘንብ ነው የሚመስለው፤ ሰው ለአንድ አፍታም አይለያቸው። ማኅተሙን በጨርቅ ቋጥሮ ሰጠኝና 'ዛሬ ካልተመዘገበች ቅጣት አለው፣ ሂጂ' አለኝ። 'ስሟን ማን ልበላቸው?' አልኩት። 'የፈለግሽውን በያቸው' አለና ወደ ትሎቹ ዞረ።"

ሃሩኮ ሰማንያ አንድ ዓመት አባቷን የጠላችው "ይብቃ" ስላላት ነበር። አላላትም። ሰውን ለመስደብም እኮ መጀመሪያ ማየት ያስፈልጋል፤ እሱ ግን አላያትም ነበር።

"መንገዱን ሙሉ አሰብኩ" አለች ኪዋ። "አሥር ዓመቴ ነው። ስም ትርጉም እንዳለው ማን ነግሮኝ? የማውቃቸውን ልጆች ቆጠርኩ። ባለሪባኗ ቶሜ ነበረች፤ ሪባኗን ታስነካኝ ነበር። የላይኛው ቤት ቶሜ ደግሞ ስትዘፍን ሽማግሌዎች ይቆማሉ። የቤተ መቅደሱ መንገድ ቶሜ ካኪ የሚሉትን ፍሬዋን ሁልጊዜ ለሁለት ከፍላ ትሰጠኛለች። የምወዳቸው ልጆች ሁሉ ቶሜ ናቸው። ሁሉም ቤት ያለ ስም ጥሩ ስም ነው እንጂ፣ መጥፎ ቢሆን ማን ያወጣው ነበር አልኩ። ቶሜ ካልኳት እንደነሱ ትሆንልኛለች አልኩ።"

"ከዚያስ?"

"ጸሐፊው 'አባትሽ ነው እንዲህ ያለው?' አለኝ። አዎ አልኩ። ዋሸሁ። ብዕሩን ነከረና 'እውነቱን ነው፣ ይብቃችሁ' ብሎ ሳቀ። ምን እንዳሳቀው አልገባኝም። ቤት ገብቼ ለእናቴ ስነግራት አለቀሰች፤ በደስታ መስሎኝ ነበር።" ኪዋ ትንፋሿን ሰበሰበች። "በኋላ ሰዎቹ ሲያሾፉ ገባኝ። ባለሪባኗም፣ ዘፋኟም፣ ሁሉም ቤታቸው ሴት በዝቶባቸው የወጣላቸው ስም ነበር። እኔ ሳላውቅ እህቴን በአፌ ሰደብኳት። ልጆቹ ሲስቁባት ድንጋይ እወረውርባቸው ነበር፤ ለሷ ግን አልነገርኳትም። አባቴ ነው ትበል፣ አባቴን ትጥላ፣ እኔን ብቻ እንዳትጠላኝ አልኩ። ይኸው ይሄ ነው ኃጢአቴ።"

ሜጉሚ ወደ በሩ ዞራ ቆማለች። ሃሩኮ ቦርሳዋን በጉልበቷ ላይ ይዛለች፤ ደብዳቤው ውስጡ ነው። ምን እንደተሰማት ለመናገር ቃል አላጠራትም፤ አፍራ ነበር። ሐዘንም ነበር፣ ግን ኀፍረቱ ይበልጥ ነበር። ያን ስም ስትጥለው፣ ስትሸሸው፣ በሰው ፊት ስትክደው የኖረችው የአባቷን ፊት እየጣለች መስሏት ነው። ስትጥለው የኖረችው ግን፣ የአሥር ዓመት ልጅ በእርሻ መንገድ ላይ ካሏት ሁሉ የተሻለውን መርጣ የሰጠቻትን ነበር።

"ስሙን ትወደው ይሆን?" አለች ኪዋ። "ንገሪኝ እስቲ፣ አንቺ ሴትዮ።"

"ትወደዋለች።"

"አንቺ በምን አወቅሽ? እሷ ራሷ ትንገረኝ።" አንገቷን ወደ መስኮቱ መለሰች፤ ያ የደቀቀ ደረቷ ተነሣ፣ ድሮ ሲመሽ ከእርሻው ጠርዝ ትጣራ እንደነበረው አድርጋ ተጣራች። "ቶሜ!"

"አቤት!"

ሃሩኮ ይህን ያህል ድምፅ እንዳላት አታውቅም ነበር። ከመተላለፊያው ሌላዋ ሜጉሚ እየሮጠች መጣች።

ኪዋ ፊቷን ከመስኮቱ አላነሣችም። "የት ጠፍተሽ ነው?"

"እዚሁ ነኝ፣ እትዬ።"

"ስምሽን ትወጂዋለሽ?"

"እወደዋለሁ። ቆንጆ ስም ነው።"

ያን ዕለት ጠዋት ከቤት ስትወጣ ብላው ኖሮ ውሸት ነበር። አሁን ግን ከአንጀቷ ነው የወጣው።

"እንግዲያው ራበኝ" አለች ኪዋ።

ገንፎው ሞቆ መጣ። ቶሜ በማንኪያ እያቀዘቀዘች አበላቻት፤ ግማሹን ጨረሰች፣ በጨው የተዘፈዘፈውን ኮምጣጣ ፕለም ደግሞ ተፋችው። ሚፁዎ መኪናው ውስጥ ሁለት ሰዓት ጠብቆ፣ እናቱ ስትወጣ ዓይኗን አይቶ መኪናውን አስነሣ። ወደ ከተማው አስተዳደር የሚታጠፈው መንገድ ላይ ሲደርስ ፍጥነቱን ቀነሰ።

"እለፈው" አለችው። "ድንጋይ ጠራቢው ጋ ውሰደኝ።"

አቶ ኡሺያማ አቧራውን ከእጁ አራግፎ ወረቀቱን ዘረጋ። "ፈቃዱ መጣ ሲሉ ሰማሁ። እንኳን ደስ አለዎት፣ እማማ ሃሩኮ። ሃሩኮ ብዬ ልቅረጸው?"

"ቶሜ ብለህ ቅረጽ።"

"እማዬ!" አለ ሚፁዎ። "አንድ ዓመት ሙሉ ስትዳክሪ ከርመሽ?"

"አባቴ ያወጣው መስሎኝ ነበር" አለች። "ኪዋ ናት።"

ሌላ ማብራሪያ አልሰጠችም። ሚፁዎ ታሪኩን ሙሉ የሰማው በኋላ ከትንሿ ሜጉሚ ነው። በሙት ዓመቱ ዕለት ዘመድ ድንጋዩ ፊት ቆሞ ቀዩን ጽሑፍ ሲያነብ፣ ብዙው ሰው ገንዞ ሌላ ሚስት የነበረችው መስሎት ግራ ተጋባ። አሮጊቷ ዕጣኗን ለኩሳ "እኔው ነኝ፣ አትደንግጡ" አለቻቸው። ገበያ ውስጥና ጎረቤት ዘንድ አሁንም ሃሩኮ ናት፤ በዚህ ዕድሜ ሰውን ማስተማር አያዋጣም።

ኪዋ እስከ ጥር፣ ሐይቁ በረዶ እስኪሆን ቆየች። ዛሬ የሰማችውን ነገ ትረሳዋለች፤ ስለዚህ ያንኑ ጥያቄ በየቀኑ ትጠይቅ ነበር። ቶሜም በየጠዋቱ በአውቶቡስ ወርዳ፣ በሩ ላይ ባለው የጎብኚዎች መዝገብ ስሟን ጽፋ ትገባለች፤ አልጋው አጠገብ ትቀመጣለች፤ እስክትጠራት ትጠብቃለች። አንዳንድ ቀን እስከ ቀትር አትጠራትም። በመጨረሻው ቀን ድምፅዋ አልወጣም፤ ከንፈሯ ብቻ ተንቀሳቀሰ። ቶሜ ጎንበስ ብላ አቤት አለቻት።